ዓሣው እስኪሞት ለምን እንጠብቃለን?

ዓሣ ገዝታችሁ የምታውቁ ይህን ታውቁታላችሁ። ጎበዝ ገዢ የዓሣውን ዓይን ካየ በኋላ ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን በጣቱ ፈልቀቅ አድርጎ ውስጡን ያያል። ደማቅ ቀይ ከሆነ ዋጋ ይጠይቃል። ከጠየመ ሻጩን ገርመም አድርጎ ያልፋል። ያ ቀይ ነገር የዓሣው መተንፈሻ ነው፤ ሳይንሱ ጊል ይለዋል። እኛ የምናየው ዓሣው ከሞተ በኋላ ነው። እኔ ግን ዛሬ ዓሣው በሕይወት እያለ ያ ቀይ ነገር ምን እንደሚሠራ ልጽፍ ነው። ከዚያ ተነስቼ ስለ ሁሉቃ፣ ስለ ጉደር እና ስለ እኛ የምለው አለኝ።

«አምቦ ላይ ስንት ጉዳይ እያለ ስለ ዓሣ?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። በእርግጥ እኛ ዘንድ ብዙ ሰው ቁርጡሚን የሚያስታውሰው በጾም ነው። ከብት ያለው ሰው ስለ ዓሣ አይጨነቅም። ነገር ግን ወንዙን ከብቱም ይጠጣዋል፣ ልብስም ይታጠብበታል፣ ቀይ ሽንኩርትና ጎመንም ይጠጣበታል። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ወንዙ ውስጥ የሚያድረው ዓሣው ብቻ ነው። ስለ ወንዙ ማንን ልጠይቅ ብትሉ ከእሱ የተሻለ ምስክር የላችሁም።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር። ወንዝ ተበከለ ወይስ አልተበከለም ብለን የምንፈርድበት መለኪያ የተሳሳተ ነው። መለኪያችን የሞተ ዓሣ ነው። ዓሣ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ሲንሳፈፍ እንጮኻለን፤ ካልተንሳፈፈ «ውሃው ደህና ነው» እንላለን። ጉዳቱ ግን ከሞት ብዙ ቀደም ብሎ፣ በዓይን በማይታይ ቦታ ይጀምራል። ያ ቦታ የጊሉ ሴል ነው።

ዓሣ ሆራ አይወርድም

በእኛ አገር ከብት ሆራ ይወርዳል። ለምን? ሣሩ ብቻ የማይሰጠው ጨውና ማዕድን ስላለ ነው። አርሶ አደሩ ላብራቶሪ ሳይገባ ያወቀው ነገር ነው። የአምቦ ውሃ ስሙ አገር ያወቀውም በዚያው ማዕድን ምክንያት ነው፤ ካልሲየሙ፣ ማግኒዚየሙ፣ ባይካርቦኔቱና የተፈጥሮ ጋዙ።

ወንዝ ውስጥ ያለ ዓሣም ጨው ያስፈልገዋል። ችግሩ ግን ከከብቱ ይብሳል። በዓሣው ደም ውስጥ ያለው ሶዲየም በዙሪያው ካለው የወንዝ ውሃ ከመቶ እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። ተፈጥሮ ደግሞ ልዩነት አትወድም። ስለዚህ ጨው ከሰውነቱ ወደ ውሃው ይፈሳል፣ ውሃ ደግሞ ወደ ሰውነቱ ይገባል። ዓሣ ዕድሜውን ሙሉ የሚኖረው በሚያፈስ ጣሪያ ስር እንዳለ ሰው ነው። የገባውን ውሃ በኩላሊቱ በኩል እንደ ቀጭን ሽንት አድርጎ ይጥለዋል። የወጣውን ጨው ደግሞ ከየትም አምጥቶ መተካት አለበት።

ከየት ያመጣዋል? ከጊሉ። ብዙ ሰው ጊል ኦክስጅን ማስገቢያ ብቻ ይመስለዋል። ጊል ሳንባም፣ ግማሽ ኩላሊትም፣ የጨው ገበያም ነው። የጊሉ ቅጠሎች ተዘርግተው ቢለኩ ከዓሣው የሰውነት ገጽ ከግማሽ በላዩን ይይዛሉ፤ ደሙን ከውሃው የሚለየው ግርዶሽ ደግሞ እጅግ ስስ ነው። በዚያ ስስ ግርዶሽ ላይ ጨው ለመሸመት የተመደቡ ልዩ ሴሎች አሉ። ከቀጭኑ የወንዝ ውሃ ውስጥ ሶዲየሙን፣ ክሎራይዱንና ካልሲየሙን አንድ በአንድ እየለቀሙ ወደ ደም ያስገባሉ። ጉልበት የሚፈጅ ሥራ ስለሆነ በውስጣቸው ኃይል አመንጪው ሚቶኮንድሪያ ታጭቆባቸዋል። እንዲህ ያሉ ሴሎችን መጀመሪያ በኢል ዓሣ ጊል ላይ ለይተው የጻፉት ኪይስና ዊልመር የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1932።

መልእክቱን የሚሰማው ጆሮ

ጥያቄው ታዲያ ይህ ነው። እነዚህ ሴሎች መቼ መሥራት፣ መቼ ማረፍ እንዳለባቸው ማን ይነግራቸዋል? እዚህ ላይ ሆርሞን ይመጣል።

ሆርሞን የሚለው ቃል በእኛ አገር ስሙ ጠፍቷል። «ሆርሞን አለበት» ከተባለ ዶሮውም ቲማቲሙም ይጣላል። ሆርሞን ግን ከሰውነት አንዱ ክፍል ተነስቶ በደም ተጉዞ ለሌላው ክፍል የሚደርስ መልእክት ነው። መልእክት ብቻውን ደግሞ ምንም አይሠራም፤ የሚሰማው ጆሮ ያስፈልገዋል። ሴሉ ላይ ያለው ጆሮ ሪሴፕተር ይባላል፤ «ተቀባይ» ማለት ነው። ደም ውስጥ ሺህ ዓይነት መልእክት ቢዞርም ሴሉ የሚሰማው ተቀባይ ያበጀለትን ብቻ ነው።

በወንዝ ዓሣ ጊል ላይ ሁለት መልእክቶች ዋና ናቸው። አንዱ ፕሮላክቲን ነው። እናት ጡት ስታጠባ ወተቷን የሚያዝዘው ሆርሞን ማለት ነው፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ዓሣ ወተት የለውም፤ ፕሮላክቲን ግን አለው። ምን ሊያደርግለት? እ.ኤ.አ. በ1959 ግሬስ ፒክፎርድ እና ጆን ፊሊፕስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች መልሱን አገኙ። ኪሊፊሽ የተባለውን ትንሽ ዓሣ ወስደው አንጎሉ ስር ያለችውን ፒቱታሪ የምትባል እጢ አወጡ። ዓሣው የባሕር ውሃ ውስጥ መኖር ቻለ። ጨው አልባ ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን ሞተ። ፕሮላክቲን ሲወጉት በዚያው ውሃ ውስጥ መኖር ቻለ። ለወንዝ ዓሣ ይህች መልእክት የሕይወትና የሞት ጉዳይ ናት ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ምርምር መልእክቱ ሴሉ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ አሳየ። ለዚህ ጥናት በዓለም ላይ በብዛት ካገለገሉት ዓሦች መካከል ቲላፒያ አንዱ ነው፤ እኛ ቆሮሶ የምንለው ዓሣ ዘመድ። ፕሮላክቲኑ ከሴሉ ግድግዳ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ይያያዛል። ተቀባዩ ወደ ውስጥ የዘለቀ እግር አለው፤ እግሩ ስር የተቀመጡ ፕሮቲኖች ይቀሰቀሳሉ፤ ከእነሱ አንዱ እስከ ሴሉ ኒውክለስ ድረስ ሄዶ «ጨው መልቀሚያውን አምርቱ» የሚለውን ትእዛዝ ያደርሳል። ሁለተኛው መልእክት ኮርቲሶል ነው። እኛም ስንጨነቅ የሚበዛብን እሱው ነው። ኮርቲሶል በር አያንኳኳም፤ የሴሉን ግድግዳ ሰንጥቆ ይገባና ውስጥ ከሚጠብቀው ተቀባዩ ጋር ተያይዘው አብረው ወደ ኒውክለስ ይሄዳሉ። ሁለቱ ሆርሞኖች ተጋግዘው የጊሉን ሴሎች ይሠራሉ፣ ያድሳሉ።

ይህን ሁሉ ያልኩት በከንቱ አይደለም። እነዚህ ተቀባዮች የዓሣ ብቻ አይደሉም። ከብቱም፣ ውሻውም፣ እኔና እናንተም የእነሱ ዘመድ የሆኑ ተቀባዮች አሉን። ስለዚህ የዓሣውን ጆሮ የሚያደነቁር ነገር ወንዙ ውስጥ ካለ «የዓሣ ጉዳይ ነው» ብሎ ማለፍ ሞኝነት ነው።

አንድም ዓሣ ሳይንሳፈፍ ያለቀ ሐይቅ

ተቀባይ አንድ ድክመት አለው። ይታለላል። ቅርጹ ከእውነተኛው ሆርሞን ጋር የተመሳሰለ ኬሚካል ከመጣ እውነተኛ መስሎት ይከፍትለታል። አንዳንዱ ኬሚካል ደግሞ ቦታውን ይዞ እውነተኛውን ይከለክላል። ሌላው ሆርሞኑ እንዳይመረት ያደርጋል። እንዲህ ያለ ጉዳት መርዝ እንደሚገድለው አይገድልም።

ምን ያህል ዝም ያለ ጉዳት እንደሆነ ለማየት ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ የተደረገውን ሙከራ ማወቅ በቂ ነው። ለምርምር የተከለለ፣ ቁጥር 260 የሚባል ትንሽ ሐይቅ አለ። ካረን ኪድ የምትባል ሳይንቲስትና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 ድረስ በየበጋው የወሊድ መከላከያ ክኒን ውስጥ ያለውን ሰው ሠራሽ ኤስትሮጅን ወደ ሐይቁ ጨመሩ። መጠኑ በሊትር ከ5 እስከ 6 ናኖግራም ነበር። ይህን በእኛ ቋንቋ ላስቀምጠው፤ አሥር ሺህ ሊትር የሚይዝ የውሃ ቦቴ አስቡ፤ መቶ ቦቴ ውሃ ውስጥ 5 ሚሊግራም ማለት ነው። አይታይም፣ አይሸትም፣ አይቀምስም። ቆሻሻ ከሚለቀቅባቸው የሠለጠኑት አገሮች ወንዞች ውስጥም የሚገኝ ዓይነት መጠን ነው።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ታተመ። ወንዶቹ ዓሦች የእንቁላል ፕሮቲን ማምረት ጀመሩ። የዘር ፍሬያቸው ተበላሸ። ፋትሄድ ሚኖው የሚባለው ትንሹ ዓሣ መውለድ አቆመና ከሐይቁ ሊጠፋ ተቃረበ። ሐይቁ ላይ የሞተ ዓሣ ተንሳፍፎ አልታየም። ያለው ኖረ፤ አዲስ ግን አልተወለደም። ኬሚካሉ ሲቆም ዓሣው ከዓመታት በኋላ አገገመ። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ መጨረሻው እመለስባታለሁ።

አበው «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚሉት ይህን ዓይነቱን ነው።

ወደ ቤታችን እንምጣ

አሁን ካርታውን አስቡት። ከ2800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ደንዲ ሐይቅ አለ። ሁሉቃ ከዚያ ተነስቶ አምቦን አቋርጦ ወደ ጉደር፣ ከዚያም ወደ አባይ ይሄዳል። ጎረቤቱ ወንጪ ደግሞ ፊቱን አዙሮ በዋልጋ በኩል ወደ ኦሞ ይፈሳል። ሁለት ጎረቤት ሐይቆች ለሁለት ታላላቅ ተፋሰሶች ውሃ ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ፋሲል ደገፉና ባልደረቦቹ ስለ እነዚህ ሁለት ሐይቆች ውሃና ሕይወት የመጀመሪያውን ዝርዝር ጥናት ሲያሳትሙ በርዕሱ ላይ «ከፍተኛ ስጋት ያለባቸው» ብለው ጻፉ። ሳይንቲስት በርዕስ ላይ እንዲህ ሲጽፍ ቀልድ አይደለም።

ሁሉቃ ከደንዲ ሲወጣና አምቦን አልፎ ሲሄድ አንድ ወንዝ አይደለም። ከተማ ውስጥ ሲገባ የልብስ ሳሙናውን፣ የመኪና እጥበቱን፣ የጋራዡን ዘይት፣ የሽንት ቤቱን ፍሳሽ ይቀበላል። ማንንም ለይቼ አልከስም፤ ሁላችንም ያለንበት ነው። የሳሙና ኬሚካል የጊሉን ስስ ግርዶሽ ይጎዳል። መዳብን የመሰሉ ብረቶች ሶዲየም የሚገባበትን መንገድ ይዘጋሉ። የሽንት ቤቱ ፍሳሽ ደግሞ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይበላል።

እዚህ ላይ ዓሣው የሚገባበትን ጭንቅ ተመልከቱ። ኦክስጅን ሲያንሰው ወደ ጊሉ ብዙ ደም ይልካል፣ ብዙ ውሃም ያሳልፋል። ጊሉን በከፈተ መጠን ግን ብዙ ጨው ያፈስሳል፤ ብዙ መርዝም ያስገባል። ቢከፍት ይጎዳል፣ ቢዘጋ ይታፈናል። ቤቱ በጢስ ሲሞላ መስኮት የከፈተና ከውጭ ደግሞ የባሰ ጢስ የገባበት ሰው ማለት ነው።

ከከተማ ወጣ ስንል ደግሞ እርሻው አለ። ምዕራብ ሸዋ የጤፍና የስንዴ ብቻ ሳይሆን የድንች አገርም ነው፤ የጀልዱን ድንች የማያውቅ ማን አለ? ድንች ባለበት ደጋ ላይ ቅጠሉን በአንድ ሳምንት አቃጥሎ የሚጥል በሽታ አለ። ለእሱ ከሚረጩት መድኃኒቶች ዋነኛው ማንኮዜብ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ኬሚካል እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ላይ ከፈቃድ ዝርዝሩ ሰርዞታል። ከምክንያቶቹ አንዱ የሆርሞን ሥርዓትን ያውካል የሚል ነው። እኛ ዘንድ ግን ገበሬው ጀርባው ላይ አዝሎት፣ ብዙ ጊዜ ያለ ጓንትና ያለ ጭምብል ይረጨዋል። ረጭቶ ሲጨርስ የት ያጥበዋል? ውሃ ያለበት ቦታ፤ ወንዝ ዳር። ባዶውን ጣሳስ? ለዘይት፣ ለውሃ መቅጃ ይሆናል። ከሆለታ ጀምሮ ባለው መንገድ ላይ ደግሞ ፕላስቲክ የለበሱ የአበባ እርሻዎችን ታያላችሁ። አበባ ለመብል ስለማይሆን የሚረጭበት ነገር ብዙ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ምኑ፣ በምን ያህል መጠን፣ የትኛው ወንዝ ውስጥ ደረሰ? እንደ ጋዜጠኛም እንደ ነዋሪም የምጠይቀው ይህን ነው። ጥያቄው በየወሩ የሚመለስበት፣ ማንም ሄዶ የሚያነበው ሰሌዳ ሊኖር ይገባል። ዓሣው የተሸከመውን እኛ በወሬ ልናውቀው አይገባም።

የማይደነግጥ ዓሣ

ከዚህ ሁሉ ሳይንስ ውስጥ እንቅልፍ የነሳኝ አንድ ግኝት አለ። ጤነኛ ዓሣ ሲያዝ ይደነግጣል። ስለሚደነግጥም ኮርቲሶሉ ይጨምራል፤ ጉልበቱን ያሰባስባል፣ ጨዉን ያስተካክላል፣ ለማምለጥ ይዘጋጃል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አሊስ ሆንቴላ የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ ካናዳ ውስጥ ከተበከለ ውሃ የወጡ ዓሦችን መረመሩ። ዓሦቹ በሕይወት አሉ፤ ይዋኛሉ። ሲያዙ ግን ኮርቲሶላቸው እንደ ጤነኞቹ ሊጨምር አልቻለም። ብክለቱ ለረጅም ጊዜ ሲያስጨንቃቸው ኖሮ የመደንገጥ አቅማቸው ተሟጠጠ።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር ስለ ዓሣ ብቻ ማሰብ ያቅተኛል። እኛስ? ወንዙ ቀለሙን ሲቀይር «ክረምት ነው» እንላለን። ሲሸት አፍንጫችንን ይዘን ድልድዩን እንሻገራለን። ላስቲክ ሲጣል አይተን እናልፋለን፤ አንዳንዴም እኛው እንጥላለን። የመደንገጥ አቅም ሲያልቅ ሰላም የሆነ ይመስላል። ያልደነገጠ ዓሣ ግን ጤነኛ አይደለም፤ ያልደነገጠ ከተማም እንደዚያው።

«ግን እኮ…» ለምትሉ

«ግን እኮ ሰዉ ሥራ ይፈልጋል፤ የአበባ እርሻው ለስንት ልጅ እንጀራ ነው።» ልክ ነው። እርሻው ይዘጋ አላልኩም። እንጀራ የሚሰጥ እርሻ ፍሳሹን አጣርቶ መልቀቅና ውጤቱን ለጎረቤቱ ማሳየት ያቅተዋል? በአገራችን ሸምበቆና ደንገል ተክለው ፍሳሻቸውን የሚያጣሩ እርሻዎች አሉ። ይቻላል ማለት ነው። የሚቻል ከሆነ ደግሞ ለሁሉም ግዴታ ይሁን።

«ግን እኮ ድንቹ ካልተረጨ የለም።» ይህም ልክ ነው። ቅጠሉ በአንድ ሳምንት ሲጠቁር ያየ ገበሬ ስለ ጊል ብትነግሩት አይሰማችሁም፤ አይፈረድበትምም። እሱን የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። መርጫውን ከወንዝ ርቆ ይጠብ፤ ከወንዙ ዳር ጥቂት ሜትር ሣር ይተው፤ ባዶ ጣሳውን ቀዶ ለሰብሳቢ ይስጥ። ሰብሳቢው እንዲኖር የማድረግ ግዴታ ግን የመንግሥትና የሻጩ ነው። ጣሳውን የሚቀበለው ሳይኖር ገበሬውን መውቀስ ግፍ ነው።

«ግን እኮ ዓሣው አለ፤ አልሞተም።» ለዚህ ነው ከላይ ያን ሁሉ የጻፍኩት። የካናዳው ሐይቅ ላይም ዓሣ አልተንሳፈፈም ነበር። መኖርና ጤነኛ መሆን አንድ አይደሉም።

ሕጉ የሞተ ዓሣ አይጠይቅም

ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር ይህ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ወጥቶ ሥራ ላይ ከዋለ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። አንቀጽ 11ን ፈልጋችሁ አንብቡት። ማንኛውም ሰው፣ በግሌ ተጎድቻለሁ ብሎ ማሳየት ሳያስፈልገው፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት ያደረሰን ወይም ሊያደርስ የሚችልን ሰው ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መክሰስ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

«ሊያደርስ የሚችል» የሚለውን አስምሩበት። ሕጉ የሞተ ዓሣ ይዛችሁ ኑ አይልም። ሕጉ ከእኛ ቀድሞ ገብቶታል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ለሁሉም ሰጥቷል። የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002ም አለ፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ም አለ። ወረቀት አልጎደለንም። የጎደለን ማስረጃ ሰብሳቢና ጠያቂ ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ዩኒቨርሲቲያችን። አምቦ ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ ግብርና ያስተማረች ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲው ከሁሉቃ የሚርቀው በእግር የሚሄዱትን ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ሁሉቃና ስለ አላልቱ ወንዞች የውሃ ጥራት ጥናት ታትሟል፤ ሌሎችም የመመረቂያ ጽሑፎች ተሠርተዋል። ጥሩ ነው። ነገር ግን የአንድ ጊዜ ጥናት ፎቶ ነው፤ ወንዝ የሚያስፈልገው ቪዲዮ ነው። ከከተማው በላይ፣ ከከተማው መሀልና ከከተማው በታች ሦስት ቦታ ይመረጥ። በየወሩ ውሃው ይለካ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በበጋና በክረምት፣ ከሦስቱም ቦታ ጥቂት ዓሣ ወጥቶ የጊሉ ቅጠል በስስ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ይታይ። የጨው ሴሎቹ አብጠዋል? ቅጠሎቹ ተጣብቀዋል? ይህን ለማየት የውጭ ምንዛሪ የሚጨርስ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ማይክሮስኮፕ፣ ማቅለሚያና የሠለጠነ ዓይን ይበቃል። ለባዮሎጂና ለእንስሳት ጤና ተማሪዎች ከዚህ የተሻለ የተግባር ትምህርት የት ይገኛል? ሆርሞንና ተቀባይ መለካት ሲያስፈልግ ደግሞ ናሙናውን ሰበታ ላለው ብሔራዊ የዓሣ ምርምር ማዕከል ወይም ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማካፈል ይቻላል።

ሁለተኛ፣ ቋንቋው። ውጤቱ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ፣ ማንም በሚያነበው ቦታ ይለጠፍ። በእንግሊዝኛ መጽሔት ላይ ታትሞ የቀረ ጥናት ሁሉቃ ዳር ልብስ ለምታጥብ እናት አልተጻፈም ማለት ነው። እሷ ናት ግን እጇን በየቀኑ ውሃው ውስጥ የምትከተው።

ሦስተኛ፣ መርጫ ማጠቢያ። በየቀበሌው ከወንዝ የራቀ አንድ ማጠቢያ ቦታና አንድ የባዶ ጣሳ መሰብሰቢያ። ለአንድ ወረዳ በጀት ከባድ አይደለም። ለስብሰባ አበል ከሚወጣው አይበልጥም ብዬ እገምታለሁ፤ ከበለጠ ወረዳው ቁጥሩን አውጥቶ ያርመኝ።

አራተኛ፣ ደንዲና ወንጪ። ወንጪ በ2021 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል፤ በገበታ ለሀገርም መንገድና ማረፊያ ተሠርቶለታል። ደስ ይላል። እንግዳ ሲበዛ ግን ሽንት ቤቱም፣ ሳሙናውም ይበዛል። ወራጅ ወንዝ ቆሻሻውን አጥቦ ይወስዳል፤ ሐይቅ ግን የገባበትን ይዞ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። እዚያ ላይ የሚደረገው ጥንቃቄ ከወንዙም መብለጥ አለበት።

አምስተኛ፣ እኛ። አንቀጽ 11ን የምታነቡ፣ የሕግ ትምህርት ያላችሁ፣ ጡረታ የወጣችሁ መምህራን፣ የወጣት ማኅበራት፣ የእድር ሽማግሌዎች፣ ተሰባስባችሁ አንድ አቤቱታ ጻፉ። በማንም ላይ ጥላቻ የሌለበት፣ በማስረጃ የተደገፈ። ሠላሳ ቀኑን መቁጠር ጀምሩ።

ስለ ካናዳው ሐይቅ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ኬሚካሉ ሲቆም ዓሣው ተመለሰ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የተዘጋ ጆሮ ይከፈታል፤ የቆሰለ ጊል ይታደሳል፤ ሴሎቹ እንደሆኑ በየጊዜው የሚተካኩ ናቸው። ጊዜው ካላለፈ ማለት ነው። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ሲነገር እየሳቅን አድገናል። በማዕድን ውሃዋ የምትታወቅ ከተማ ልጆች ሆነን የወንዛችንን ውሃ መንካት የምንፈራበት ቀን ከመጣ ግን ማንም አይስቅም።

ዓሣው ሞቶ እስኪመሰክር አንጠብቅ። በሕይወት እያለ እንጠይቀው።

ሁሉቃ፣ ጉደር፣ ሆለታ፣ ወይም በአካባቢያችሁ ያለ ወንዝ ዳር የምትኖሩ፣ ያያችሁትን ለውጥ ከታች ጻፉልኝ። የምትስማሙም የማትስማሙም በጨዋ ቋንቋ ተከራከሩ። ለዩኒቨርሲቲው መምህራንና ለወረዳው ኃላፊዎች የምታደርሱት ካላችሁም አድርሱልኝ።